የማያንጠባጥብ ቀዳዳ

ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጉልበት አለው፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሩ ይዞራል ይዞራል፣ በስንት መከራ ይነሳል፣ ተነሳልኝ ብዬ እፎይ ስል አስር ሰከንድ ሳይሞላው ይንዘፈዘፍና ጥፍት ይላል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የባሰ ነው፣ ረጅም ማዞር፣ ትንሽ ማሳል፣ እንደገና ማዞር፣ ከዛ የሆነ ሰዓት ላይ በሦስት ሲሊንደር እየተንገዳገደ ይነሳና ቀስ እያለ አራቱም ይስተካከላሉ። ከዛ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም እንዳልነካት ሆና ትውላለች። እኔና ይቺ አሮጌ የናፍጣ መኪና እንዲህ ስንሆን ወደ አምስት ወር ገደማ ከረምን።

ያኔ ያደረግኩትን ሁሉ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው በዚሁ መንገድ እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው። መጀመሪያ ባትሪ ነው አልኩ፣ አርጅቶም ስለነበር አዲስ ገባ፣ ሞተሪኖው ፈጠነ እንጂ ሞተሩ ያው ሆነ። ቀጥሎ ጠዋት ብቻ ስለሚያስቸግር የማሞቂያ ካንዴላ ነው ተባለ፣ አራቱም ተቀየሩ፣ እርግጥ አንዷ ሞታ ነበር፣ እና ሦስት ቀን ደህና ሆነችልኝ። አሁን ሳስበው ደህና የሆነችው በዛው ቀን ታንኩን ስለሞላሁት ነው፣ ግን ያኔ ማን ያንን ከዚህ ጋር ያያይዘዋል። ከዛ የናፍጣው ፊልትሮ (ማጣሪያው) ተቀየረ። ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ ጭራሽ ባሰባት። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ፖምፓው (ናፍጣውን በግፊት የሚልከው) ደክሟል፣ ወርዶ መሰራት አለበት፣ ኖዝሎቹም (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት) አብረው ይታዩ አለኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ቀን ቆርጬ ነበር።

ፖምፓው ሊወርድ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ ሞተሪኖው ሲያጓራ ሰምተው ብቅ አሉ። ኮፈኑን ክፈት አላሉኝም። ቀጥ ብለው ማርሚታው፣ ጭስ ማውጫው፣ ጋ ሄደው ቆሙና «እስቲ አዙር» አሉኝ። አዞርኩ። «በቃ በቃ፣ አቁም። ጭስ አየህ?»

«ከዚህ ሆኜ አይታየኝም ጋሼ።»

«የለም። ምንም ጭስ የለም። ልጄ፣ ይቺ መኪና ናፍጣውን አላቃጥል ብላ አይደለም፣ ናፍጣው አልደረሳትም።»

ይሄ አነጋገር ለእኔ ሁሉንም ነገር ገለበጠው። ቆይቼ ነው የገባኝ ግን በጣም ቀላል ነገር ነው። የማሞቂያ ካንዴላ ሲበላሽ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል ግን ሙቀት ስለሌለ አይቃጠልም፣ ስለዚህ ሞተሪኖው እያዞረ እያለ በማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ጥሬ ናፍጣም ይሸታል። ናፍጣው ጭራሽ ካልደረሰ ግን ምን ይጨሳል፣ ማርሚታው ንጹህ ነው። ለምርመራው ሁለት ዓይንና አንድ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እኔ አራት ካንዴላ ከመቀየሬ በፊት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ቢያይልኝ ኖሮ ያን ጊዜ ሁሉ አላባክንም ነበር። (ጭስ ከሌለ ጥፋቱ ሁልጊዜ እንደኔው መኪና ናፍጣ መስመር ውስጥ የገባ አየር ነው ማለት ግን አይደለም፣ ፖምፓው ላይ ያለችው የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የምትከፈት ቫልቭ) ኤሌክትሪክ ካልደረሳትም እንደዛው ነው። ቁልፉ ሲበራ ጠቅ ስትል መስማት ነው።)

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኔ ዓይነት አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ብዙዎቹ ታንክ ውስጥ የሚገፋ ፖምፓ የላቸውም። ናፍጣውን ከኋላ እስከ ፊት ድረስ የሚስበው ሞተሩ ላይ ያለው ዋናው ፖምፓ ራሱ ነው፣ ውስጡ ባለችው ትንሽ የምትሽከረከር ፖምፓ። ስለዚህ ከታንኩ ጀምሮ እስከ ፖምፓው መግቢያ ድረስ ያለው መስመር በሙሉ፣ ቱቦው፣ ላስቲኩ፣ ፊልትሮው፣ በግፊት ሳይሆን በመሳብ ነው የሚሰራው። ስትሮ ማለት ነው። በስትሮ ስትጠጡ ስትሮው ጎኑ ላይ ትንሽ ቢሰነጠቅ መጠጡ በስንጥቁ ወደ ውጭ አይፈስም፣ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው፣ እናንተ የምታውቁት አፋችሁ ውስጥ አየር ሲመጣ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ከመኪናዋ ስር ተኝቼ የምፈልገው እርጥብ ቦታ ነበር። ናፍጣ የሚያንጠባጥብ፣ ጠብታ ያለበት፣ አቧራ የያዘ ቅባት። ምንም የለም። ደረቅ ነው። ደረቅ ስለሆነ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት፣ እና ደረቅ የሆነው እኮ ወደ ውስጥ ስለሚስብ ነው።

ስትሮው ሌላም ነገር ያስረዳል። ስትሮ ሞልታችሁ ላዩን በጣት ብትዘጉት መጠጡ ውስጡ ቆሞ ይቀራል፣ ጣታችሁን ስታነሱ ይወርዳል አይደል? መኪናዋም ማታ ስትቆም መስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ቆሞ የሚያድረው ከላይ አየር የሚገባበት ቦታ ከሌለ ብቻ ነው። የፀጉር ያህል ቀዳዳ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ታንክ ይመለሳል። ጠዋት ተነስታ አስር ሰከንድ ሰርታ የምትጠፋበትም ምክንያት ይሄ ነው፣ መጀመሪያ የምትሰራው ፖምፓው ውስጥ በቀረው ናፍጣ ነው፣ እሱ ሲያልቅ ከኋላው የሚመጣው ባዶ ቱቦ ነው።

አየር ለምን ሞተር ያጠፋል የሚለውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ሲያብራራው አልሰማም። ናፍጣ ሲጨመቅ አይኮማተርም ማለት ይቻላል፣ የፖምፓው ፒስተን ትንሽ ስትገፋው ግፊቱ ወዲያው ሰማይ ይደርሳል፣ የአሮጌዎቹ ሞተሮች ኖዝል ለመከፈት ከ100 ባር በላይ ይፈልጋልና ያንን ይሰጠዋል። አየር ግን እንደ ስፖንጅ ነው። ፒስተኗ ስትገፋው ይጨመቃል፣ ስትመለስ ይለጠጣል፣ ግፊቱ ኖዝሉን ሳይከፍት ይቀራል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይሰጠው፣ ሲሰራ በአንድ ምት የሚረጨው ናፍጣ ከአንድ የውሃ ጠብታ በብዙ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ለዓይን የማትሞላ አረፋ አንድ ሙሉ ምት ማበላሸት ትችላለች። ሮታሪ በሚባለው የፖምፓ ዓይነት ላይ ደግሞ የውስጡ ግፊት ነው ናፍጣው የሚረጭበትን ሰዓት የሚያስቀድመውና የሚያዘገየው፣ አየር ሲገባ ያ ግፊት ይዋዥቃል፣ ለዛ ነው ሚኒሞው ወጣ ገባ የሚለው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ፖምፓ የሚቀባው በሚያልፍበት ናፍጣ መሆኑ ነው። ሌላ ዘይት የለውም። አየር በሳበ ቁጥር ውስጡ ያሉት ብረቶች በደረቁ ይፋጫሉ። «ጠዋት ትንሽ ታስቸግራለች እንጂ ደህና ናት» ብሎ መኖር ደህና የነበረውን ፖምፓ ራሱን ቀስ እያሉ መብላት ነው።

በነገራችን ላይ የዚህ ሞተር ታሪክ ሲነበብ የሚገርም ነገር አለው። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ላይ በተሳካ ሁኔታ የሞከረው ሞተር ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው በታመቀ አየር እየነፋ ነበር። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ትልቅና ከባድ ስለነበር ሞተሩ ከፋብሪካና ከመርከብ ወርዶ መኪና ላይ ለመግባት ብዙ ዓመት ፈጀበት። ቦሽ በ1927 የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው ነዳጁ ያለ አየር እርዳታ በራሱ ግፊት መረጨት የለመደው፣ በ1936 ደግሞ መርሴዲስ 260 ዲ የሚባለው የናፍጣ የቤት መኪና ወጣ። ድሮ ናፍጣን ተሸክሞ የሚያስገባው አየር ነበር፣ አሁን አንዲት አረፋ ሞተር ታቆማለች። ይሄን ሳነብ ኮፈን ስር ያለውን ነገር የማይበት ዓይን ትንሽ ተቀየረ፣ ያ ፖምፓ የስንት ሰው የስንት ዓመት ልፋት እንደሆነ ገባኝ።

ጎረቤቴ በማግስቱ ያዘዙኝ ይሄን ነበር፦ ጠዋት ቁልፍ ሳትነካ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ተጫን፣ እየቆጠርክ። መስመሩ ሙሉ ቢሆን ኖሮ በሁለት በሦስት ጊዜ ትጠነክር ነበር። እኔ ሠላሳ አልፌ ነው የጠነከረችው። ከዛ ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሳች፣ አልጠፋችም። አምስት ወር ሙሉ እንደዛ ተነስታ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር ደስ ከማለቱ በላይ አንጀቴን ነው የበላኝ፣ ምክንያቱም ፖምፓው ምንም እንዳልሆነ ያኔ በጆሮዬ ሰማሁት።

ግን ይሄ የሚነግረን ናፍጣው እንደሚመለስ ብቻ ነው፣ በየት በኩል አየር እንደሚገባ አይነግርም። ለሱ ማየት ያስፈልጋል። የሚያሳይ ቱቦ፣ ውስጡ የሚታይ ማለቴ ነው፣ አንድ ስንዝር ያህል ገዝቼ ፖምፓው መግቢያ ላይ ካለው ላስቲክ ጋር ቀጠልኩት፣ ሌላ አንድ ደግሞ ወደ ታንክ በሚመለሰው መስመር ላይ። ተራው ፕላስቲክ ናፍጣ ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል ይደበዝዛል፣ ሞተር ሙቀት ላይም አይታመንም፣ ስለዚህ ለምርመራ ብቻ ነው፣ ይቆይ ካላችሁ ለናፍጣ ተብሎ የተሰራ ናይለን ፈልጉ። ሞተሩን አስነሳሁ። መጀመሪያ ትልቅ የአየር ጉብታ አለፈ፣ እሱ ቱቦውን ስቀጥል የገባ ነው፣ ጠበቅኩ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ከዛ ወርቅማው ናፍጣ ውስጥ ደቃቅ አረፋዎች፣ እንደ ዶቃ ተከታትለው፣ ሳያቋርጡ። ጋዝ ስሰጥ ይበዛሉ። እዛ ጋ አጎንብሼ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ለካ ይሄ ሁሉ ጊዜ እዚህ ጋ ሲያልፍ ነበር፣ ጥቁር ላስቲክ ስለሸፈነው ነው እንጂ። አንዲት ሁለት አረፋ አልፎ አልፎ ማየት ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ተከታታይ ከሆነ ግን ክፍት ቦታ አለ።

አሁን መስመሩን መቁረጥ ነው፣ ማለትም ጥፋቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ ማጥበብ። ንጹህ ጀሪካን፣ ንጹህ ናፍጣ፣ አጭር ቱቦ። ታንኩን፣ ቱቦውን፣ ፊልትሮውን ሁሉ ዘልዬ ፖምፓውን ቀጥታ ከጀሪካኑ አጠጣሁት፣ የሚመለሰውንም ቱቦ እዛው ጀሪካን ውስጥ ከተትኩት፣ አለበለዚያ ጀሪካኑ ሳታስቡት ያልቃል፣ የሚመለሰው ቀላል አይደለም። አረፋው ጠፋ። ስራዬ አለቀ ብዬ ወደ ፊልትሮው ልሄድ ስል ጎረቤቴ ጀሪካኑን አዩትና «ከፍ አድርገህ ነው የሰቀልከው፣ አውርደው» አሉኝ። ይሄንን ከሳቸው በቀር የነገረኝ ሰው የለም፣ እና ከሁሉም በላይ መጻፍ የፈለግኩት እሱን ነው። ጀሪካኑ ከፖምፓው በላይ ከተሰቀለ ናፍጣው በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ መሳብ ቀርቶ መግፋት ይሆናል፣ ስለዚህ የፖምፓው የራሱ ኦሪንግ (መገጣጠሚያ የሚደፍን የላስቲክ ቀለበት) ቢያረጅ እንኳን አየር አያስገባም፣ ጥፋቱ ይደበቃል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ፖምፓው በእውነት መሳብ አለበት። መሬት አስቀመጥኩት፣ ሠላሳ ደቂቃ ሰራ፣ ንጹህ። እንደዛው አሳደርኩት፣ ጠዋት በመጀመሪያው ተነሳች። ያን ቀን ጋራዡ ጋ ደውዬ ፖምፓው እንደማይወርድ ነገርኳቸው።

ከዛ አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ ጀሪካኑን ፊልትሮው መግቢያ ላይ። አረፋው ተመለሰ። ስለዚህ ፊልትሮው አካባቢ ነው። ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ መባሱ ትዝ አለኝ። ፈታሁት። ዋናው ኦሪንግ አዲስ ነው፣ ደህና ነው፣ ግን ከስር ውሃ መኖሩን የምትለየዋ ሴንሰር አለች፣ ከአሮጌው ፊልትሮ ተፈታ አዲሱ ላይ ስትታሰር የራሷ ትንሽ ኦሪንግ አላት፣ እሷ አልተቀየረችም። ጠፍጥፋ፣ ደርቃ፣ አንድ ጎኗ ተሰንጥቆ። በጥፍሬ ስጫናት እንደ ፕላስቲክ ጠነከረችብኝ። አዲስ ኦሪንግ በናፍጣ አርሼ አስገባሁ፣ በደረቁ ከገባ ሲጠበቅ ይጣመማል። በእጅ ፖምፓዋም ዙሪያ ትንሽ እርጥበት ነበር፣ እንግዲህ እሷ ስትጫን በግፊት ስለምትሰራ እዛ ጋ ናፍጣ ወደ ውጭ ይታያል፣ ሞተር ሲሰራ ደግሞ በዛው በኩል አየር ይገባል። የፊልትሮውን ራስ ከነ እጅ ፖምፓው ቀየርኩ።

ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዛ አንድ ጠዋት እንደገና ያው ድምፅ፣ ያው መንዘፍዘፍ።

እዚህ ጋ ተስፋ መቁረጥ ቀላል ነው፣ ሰው አንድ ቀዳዳ አግኝቶ ከደፈነ በኋላ ችግሩ ሲመለስ ያገኘሁት ስህተት ነበር ብሎ ያስባል። ስህተት አልነበረም። ሁለት ነበሩ። አሮጌ መኪና ላይ ላስቲኩ ሁሉ አብሮ ነው ያረጀው፣ አንዱ ብቻ ተለይቶ አይሞትም። የዚህን ጊዜ ግን መመዝገብ ጀምሬ ነበር፣ ማታ የነዳጁ መጠን፣ የቆመችበት አቅጣጫ፣ ጠዋት የእጅ ፖምፓው ስንት ጊዜ እንደተጫነ። አስር ቀን ስመዘግብ ነገሩ ራሱ ተናገረ፣ ታንኩ ከግማሽ በላይ ሲሆን ምንም የለም፣ ከግማሽ ሲወርድ በማግስቱ ይጀምራል። ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ ያገኘኋቸው ሦስት ደህና ቀናትም እዛው ላይ መልስ አገኙ።

ነዳጅ ሲቀንስ ፖምፓው ከበለጠ ጥልቀት መሳብ አለበት፣ ያ እውነት ነው፣ ግን 40 ሳንቲሜትር የናፍጣ ከፍታ በስሌት 0.03 ባር ያህል ብቻ ነው፣ ለትንሽ ቀዳዳ ልዩነት ያመጣል እንጂ እንደዚህ ከግማሽ በላይና ከግማሽ በታች ብሎ በቁርጥ አይለይም። በቁርጥ ከለየ ታንኩ ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ቧንቧ ጠርጥሩ። የታንኩን ክዳን ከፍቼ አወጣሁት። ከላይ ወደ ታች ግማሽ ገደማ ላይ ዝገት በልቶት የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ነበረው። ናፍጣው ከቀዳዳው በላይ ሲሆን ቀዳዳው የሚስበው ያው ናፍጣ ነው፣ ማንም አያውቅም። ሲወርድ አየር ይስባል። ከውጭ ሆኖ ይሄን ማንም ሊያየው አይችልም፣ ቱቦ ሁሉ ብትቀይሩ፣ መኪናዋን ገልብጣችሁ ብትፈትሹ አታገኙትም።

የኔ እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፣ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከኖዝል ኖዝል የሚያገናኙት ቀጫጭን የመመለሻ ላስቲኮች፣ ብዙዎቹ ላይ የውስጥ ስፋታቸው 3.2 ሚሊሜትር ነው፣ ጨርቅ የለበሱት፣ ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ፣ የመጨረሻው ኖዝል ላይ ያለችው ድፍን ኮፍያም እንደዛው፣ እና በመመለሻው በኩል ሌሊት አየር ከገባ ፖምፓው ራሱ ይራገፋል። መሃላቸው ቀዳዳ ያላቸው ቡሎኖች ስር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች አንዴ ከተጨፈለቁ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዘጉም። በካቻቢቴ የሚጠበቁት የላስቲክ ማሰሪያ ፋሸታዎች ለቀጭን ላስቲክ ሲሆኑ ክብ ሆነው አይጠብቁም፣ አንድ ጎን ይጫናሉ ሌላው ጎን ይለቃሉ፣ ሰው ደግሞ ሲለቅ የበለጠ ያጠብቃል ላስቲኩም ይቆረጣል። ከሻንሲው ጋር በክሊፕ የተያዘው የብረት ቱቦ ዝገት የሚጀምረው ክሊፑ ስር ነው፣ ጭቃና ውሃ እዛ ስለሚያድር። ፖምፓው ላይ የጋዝ ዘንጓ የምትዞርበት ኦሪንግ አለ፣ እሱ የተለመደ ነው። በብዙ አገር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የናፍጣው ሰልፈር ሲቀነስ ድሮ በአሮጌው ናፍጣ ያበጡ የነበሩ ላስቲኮች ተኮማትረው ፖምፓዎች ማፍሰስ ጀምረው ነበር፣ ስለዚህ ኦሪንግ ስትቀይሩ ቪቶን የሚባለውን ዓይነት ጠይቁ። ፊልትሮ ሲደፈን ወይም የታንኩ ክዳን አየር ማስገቢያው ሲዘጋም መሳቡ ስለሚበረታ ትንሹ ቀዳዳ ትልቅ ይሆናል፣ ክዳኑን ስትከፍቱ ፉጨት ከሰማችሁ እሱን አስቀድሙ።

የትኛው መገጣጠሚያ እንደሆነ ስትጠራጠሩ ሞተሩ እየሰራ ግሪስ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት፣ ግሪሱ ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍነዋል፣ የሚታየው ቱቦ ውስጥ አረፋው ከቀነሰ እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ታንኩን በኮምፕሬሰር ነፍቶ ናፍጣው ወደ ውጭ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ሐሳቡ ትክክል ነው፣ መሳቡን ወደ መግፋት መቀየር ነው፣ ግን ታንክ ለግፊት አልተሰራም፣ በጣም ትንሽ ግፊት፣ መለኪያ ባለው ነገር ካልሆነ አትሞክሩት።

አየር ስታስወጡ የኖዝሎቹን የቱቦ ማሰሪያ ዳዶ ትንሽ ላላ አድርጎ ሞተሪኖ ማዞር አሮጌ ሞተር ላይ ይሰራል፣ እጃችሁን ግን አታቅርቡ፣ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቀልድ አይደለም፣ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነገር ነው። ኮመን ሬይል በሚባሉት አዳዲሶቹ ላይ ጭራሽ አይደረግም፣ እዛ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ሞተሪኖውን በአንዴ ከ15 ሰከንድ በላይ አታዙሩት፣ ይቀዝቅዝ። የአየር ማስገቢያው ላይ ማስነሻ ስፕሬይ መንፋትን ደግሞ ተዉት። የማሞቂያ ካንዴላው እንደጋለ ያ ጋዝ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል፣ ፒስተንና የፒስተን ቀለበት (ፋሻ) ይሰብራል። አንድ ጓደኛዬ ሊነፋልኝ ቆርቆሮውን ሲያወጣ ጎረቤቴ ከእጁ ነጠቁት፣ እንደዛ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

መስመሩ ላይ የማይመልስ ቫልቭ አስገባና ተገላገል ያሉኝም ነበሩ። ቫልቩ ናፍጣው ወደ ታንክ እንዳይመለስ ይይዘዋል፣ ጠዋት ትነሳለች፣ ግን ሞተሩ ሲሰራ አየሩ መግባቱን አያቆምም፣ ፖምፓውም በዛው አረፋ ሲፋጭ ይውላል። ታንክ ጋ የኤሌክትሪክ ፖምፓ መግጠምም እንደዛው ነው፣ መሳቡ ግፊት ሲሆን ያ ደረቅ ቀዳዳ ናፍጣ የሚያፈስ ቀዳዳ ይሆናል፣ ምናልባት ትኩስ ማርሚታ አጠገብ። ጎረቤቴን ስጠይቃቸው «የሚያመውን ሰው አፉን ብትይዘው ማቃሰቱን ነው የምታቆመው» አሉኝ።

የመሳቢያ ቧንቧው ተቀይሮ፣ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው ላስቲክ ሁሉ አዲስ ሆኖ፣ የመመለሻዎቹም አብረው፣ ይኸው ሰባት ሳምንት ሞላን። ትናንት ማታ ሆን ብዬ ነዳጁ ሩብ ላይ እያለ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ አቆምኳት፣ ለናፍጣ መስመር ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ዛሬ ጠዋት የእጅ ፖምፓውን ሳልነካ አዞርኩ፣ ሞተሩ ሁለቴ ሳይዞር ተነሳ። የሚያሳየው ቱቦ፣ አሁን ናይለኑ፣ እዛው ነው፣ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት፣ ንጹህ፣ ንጹህ፣ ከዛ አንዲት ደቃቅ አረፋ አለፈች። ቆየሁ። ሦስት ደቂቃ አካባቢ ቆይታ ሌላ አንድ መጣች። የፖምፓው የጋዝ ዘንግ ኦሪንግ ሊሆን ይችላል፣ ጀሪካኑን አጥቤ አስቀምጫለሁ፣ ቅዳሜ መሬት ላይ አስቀምጬ አያለሁ።